መንገዱ የማን ነው? ውብ እይታ ያላቸው መንገዶችና ከጀርባቸው ያለው ስምምነት

የመስቀል ሰሞን ሲመጣ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ስቴት ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ወደ ሰሜን የሚወጣው መኪና ይበዛል። እኛ ሐበሾችም አለንበት። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ ቡናው በፔርሙዝ ተይዟል። ዱሉዝ ላይ ሀይዌይ 61 የሱፒሪየር ሐይቅን ዳርቻ ይይዝና እስከ ካናዳ ድንበር ይዘልቃል። 154 ማይል ነው፤ ወደ 248 ኪሎ ሜትር። በስተቀኝ ባሕር የሚያህል ሐይቅ፣ በስተግራ ገደልና ደን። ኖርዝ ሾር ሲኒክ ድራይቭ ይሉታል።

መጀመሪያ ያቆምነው ጎዝቤሪ ፏፏቴ ነበር። የስቴት ፓርክ ነው፤ ነገር ግን የመኪና መግቢያ ፈቃድ አሳዩን ያለን የለም። መኪናችንን አቁመን፣ ፏፏቴውን አይተን፣ ፎቶ ተነስተን ወጣን። ቀጥሎ ስፕሊት ሮክ የሚባለው የመርከቦች መብራት ማማ ጋ ደረስን። እዚያ ደግሞ ማማውን ለማየት ሌላ ቲኬት መግዛት ነበረብን። ያው አንድ መንገድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጉዞ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ታዲያ አንዱ ጋ ነፃ፣ ሌላው ጋ ክፍያ የሆነው ለምንድን ነው?

መልሱን ስፈልግ ነው ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት። ነገሩ ዋጋ ላይ አያቆምም። የመንገዱ ባለቤት ማን እንደሆነና ባለቤቶቹ እርስ በርስ ምን እንደተፈራረሙ ወደሚለው ይወስዳል።

መጀመሪያ ባለቤቶቹን እንቁጠር። አስፋልቱ የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ፓርኮቹን የሚያስተዳድረው የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ነው። የመብራት ማማው በሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር እጅ ነው። ከመንገዱ ጀርባ የተዘረጋው ሱፒሪየር ብሔራዊ ደን የፌደራሉ የደን አገልግሎት ነው። መንገዱ ሦስት ካውንቲዎችን፣ ማለትም ከስቴት በታች ያሉ አስተዳደሮችን፣ ያቋርጣል። ቱ ሃርበርስ፣ ሲልቨር ቤይ፣ ግራንድ ማሬ የሚባሉ ከተሞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ሲልቨር ቤይ ላይ የብረት ማዕድን የሚያዘጋጅ ትልቅ ፋብሪካ አለ። የግል ቤቶችና ሎጆችም ሞልተዋል። ድንበሩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ የግራንድ ፖርቴጅ ኦጂብዌ ሕዝብ ምድር ነው፤ የራሱ መንግሥት ያለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ።

እንግዲህ በእነዚህ ሁሉ መካከል "የዚህ መንገድ ድርጅት" የሚባል አንድ አነስተኛ አካል አለ። በእንግሊዝኛ ሲኒክ ባይዌይ (ውብ እይታ ያለው መንገድ) የሚባሉት መንገዶች በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ድርጅት አላቸው። ብዙውን ጊዜ የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው። የሎጅ ባለቤት፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ የከተማ ምክር ቤት አባል፣ የቱሪዝም ቢሮ ሠራተኛ ይገኙበታል። ይህ ድርጅት አስፋልቱ የእሱ አይደለም። መሬቱም፣ ሐይቁም፣ ፏፏቴውም የእሱ አይደለም። የሚጠብቀው ነገር እይታ ነው። እይታ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ንብረት ተደማምሮ የሚሠራው ነገር ነው።

ስለዚህ ድርጅቱ በእጁ ያለው ትልቁ ሀብት ከእነዚያ ባለቤቶች ጋር የተፈራረመው ወረቀት ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው።

ወደ ሕጉ ትንሽ እንመለስ። የአሜሪካ ኮንግረስ ብሔራዊ የሲኒክ ባይዌይ ፕሮግራምን ያቋቋመው በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በወጣው ትልቅ የትራንስፖርት ሕግ ነው። የሚያስተዳድረው የፌደራል ሀይዌይ አስተዳደር ነው። በ1995 ዝርዝር መመሪያ ወጣ፤ በ1996 የመጀመሪያዎቹ መንገዶች ተሰየሙ። አንድ መንገድ ለመመረጥ ከስድስት መለያዎች ቢያንስ አንዱ ሊኖረው ይገባል፦ ውብ እይታ፣ ተፈጥሮ፣ ታሪክ፣ ባህል፣ የጥንት ቅርስ ወይም መዝናኛ። ሁለት ካሟላና ሰው ለመንገዱ ብሎ ብቻ የሚመጣበት ከሆነ "ኦል አሜሪካን ሮድ" የሚል ከፍ ያለ ማዕረግ ያገኛል። ኖርዝ ሾር ይህን ማዕረግ ይዟል።

ማዕረጉ ግን ሥልጣን አይሰጥም። ታፔላው ተተከለ ማለት ድርጅቱ ማንንም ማዘዝ ይችላል ማለት አይደለም። የ1995ቱ መመሪያም ይህን ያውቃል። ለመሰየም የሚያመለክት መንገድ የአስተዳደር እቅድ ማቅረብ አለበት። እቅዱ 14 ነጥቦችን እንዲይዝ ይጠየቃል። ከነጥቦቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ እቅዱን ለመፈጸም የትኛው መሥሪያ ቤት፣ የትኛው ቡድን፣ የትኛው ግለሰብ ምን ኃላፊነት እንዳለበት፣ መቼ እንደሚሠራና እንዴት እንደሚገመገም በዝርዝር ይጻፍ። ማን ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው ወረቀት ላይ መስፈር አለበት ማለት ነው።

ሚኒሶታ ራሷ ይህን የጀመረችው በፊርማ ነው። የስቴቱ የሲኒክ ባይዌይ ኮሚሽን የተመሠረተው በ1992 በመግባቢያ ሰነድ ነው። የፈረሙት አራት ናቸው፦ የትራንስፖርት፣ የተፈጥሮ ሀብትና የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም የታሪክ ማኅበሩ። ልብ በሉ፣ አራቱም የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው። አንዱ መኪና በደህና እንዲያልፍ ይፈልጋል። አንዱ ዛፍና እንስሳ ይጠብቃል። አንዱ እንግዳ እንዲበዛ ይሠራል። አንዱ ደግሞ የድሮውን ማቆየት ነው ሥራው። ሳይፈራረሙ ቢሄዱ አንዱ የሠራውን ሌላው ሊያፈርስ ይችላል።

"ስምምነት" ስንል ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ሰው ይምታታበታል፤ ረጋ ብለን እንየው።

የመግባቢያ ሰነድ ቀላሉ ነው። "አብረን እንሠራለን፣ አላማችን ይህ ነው፣ አንተ ይህን ታደርጋለህ፣ እኔ ያን አደርጋለሁ" ይላል። ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አያንቀሳቅስም። አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ወስዶ ለማስገደድም አይጻፍም። "ታዲያ ምን ይጠቅማል?" ይባል ይሆናል። ብዙ ይጠቅማል። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ፋይሉን ከፍቶ ያገኘዋል። የበጎ ፈቃደኞቹ ሰብሳቢም ስልክ ሲደውል "እኛ እኮ ከናንተ ጋር የፈረምን ነን" ብሎ ይጀምራል።

ገንዘብ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ከ1977 ጀምሮ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያስቀምጣል። መንግሥት ገንዘቡን ሰጥቶ ዞር የሚል ከሆነ የድጋፍ ስምምነት፣ ማለትም ግራንት ነው። ሰጥቶ በሥራው ውስጥም ከጎን ሆኖ በደንብ የሚሳተፍ ከሆነ የትብብር ስምምነት ይባላል። ልዩነቱ የቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በትብብር ስምምነት ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ንድፉን አይቶ አስተያየት ይሰጣል፣ በየደረጃው ያጸድቃል። ድርጅቱም የጊዜ ሰሌዳውን ሲያወጣ ይህን ማሰብ አለበት። ሳያውቁ የሚፈርሙ ትንንሽ ድርጅቶች በኋላ "ለምን በየሥራችን ይገባሉ?" ብለው ያዝናሉ። መልሱ ግን የፈረሙት ወረቀት ውስጥ አለ።

ሦስተኛው ዓይነት የጥገና ስምምነት ነው። ብዙ ሰው አያስበውም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው እሱን ነው። ስለ ቆሻሻ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ዛፍ የሚናገር ወረቀት ነው። በተለይ ስለ ዛፍ። ሰው መኪናውን አቁሞ ሐይቁን የሚያይበት ቦታ ተሠራ እንበል። ድንጋዩ ተነጠፈ፣ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ። ከ15 ዓመት በኋላ ከፊቱ የበቀለው ዛፍ አድጎ እይታውን ይጋርደዋል። አሁን ማን ይቆርጠዋል? መሬቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ነው። ዛፉ ዳገት ላይ ነው፤ ለአፈሩም ያስፈልጋል። መጋዝ የሚይዘው ሰው ኢንሹራንስ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ቀድሞ ካልተጻፈ እይታው ቀስ በቀስ ይጠፋል። ማንም ሳያጠፋው።

ስለዚህ የሰነዱ አንቀጾች በተቻለ መጠን መሬት የወረዱ መሆን አለባቸው። ለምሳሌ ያህል እኔ ራሴ ልጻፍ። "ተዋዋዮቹ ማረፊያ ቦታውን በጋራ ይንከባከባሉ" የሚል ዓረፍተ ነገር ያምራል፤ ግን ማንንም አያሠራም። በእሱ ፋንታ "ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ካውንቲው በየሳምንቱ ሰኞ ቆሻሻ ያነሳል፤ የመንገዱ ድርጅት የተበላሸ ሰሌዳ ሲያይ በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የመተኪያው ወጪ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ነው" ቢባል እያንዳንዱ ሰው ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ፕሮግራም የፌደራሉ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶ ነው። ቀሪውን 20 በመቶ ከአገሬው ማምጣት ይጠበቃል። ለትንሽ ድርጅት 20 በመቶም ተራራ ነው። ነገር ግን ድርሻው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። በደንቡ መሠረት በዓይነት የተሰጠ ነገርም ሊቆጠር ይችላል፦ የበጎ ፈቃደኞች የሥራ ሰዓት፣ በነፃ የተሰጠ ዕቃ፣ የባለሙያ ጊዜ። እዚህም ወረቀቱ ይመጣል። "እንረዳችኋለን" የሚል የቃል ተስፋ አይቆጠርም። ማን፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ዋጋ ተሰልቶ የሚል ቃል በፊርማ ያስፈልጋል፤ ከዚያም የሰዓቱ መዝገብ መያዝ አለበት። ገንዘቡን የሚቀበለው ራሱ ድርጅቱ ላይሆንም ይችላል። ሂሳብ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ከአካባቢው ከተማ ወይም ከክልል የልማት ጽሕፈት ቤት ጋር ተፈራርሞ "ገንዘቡን እናንተ ያዙልን፣ ሥራውን እኛ እንሠራለን" ሊል ይችላል።

ሰው ማንሳት የማይወደው አንቀጽ ደግሞ የመለያያው ነው። ገና ስንጀምር ስለ መለያየት ማውራት እንደ ሟርት ይመስለናል። ግን ስምምነቱ ለስንት ዓመት ነው? አንዱ ልውጣ ቢል ስንት ቀን ቀድሞ ያሳውቃል? አርማው፣ ድረ ገጹ፣ ፎቶዎቹ፣ ካርታው ለማን ይቀራሉ? ካርታው የታተመው በቱሪዝም ቢሮው ገንዘብ፣ ጽሑፉ በበጎ ፈቃደኞች፣ ፎቶው በሌላ ሰው ከሆነ በኋላ ማን ያሳትመዋል? ይህን መነጋገር የሚቀለው ሁሉም ሲዋደድ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመንገድ ሳይሆን ከማኅበር ነው። በአንድ ወቅት አባል የነበርኩበት ማኅበር ለዓመታት አንድ አዳራሽ በነፃ ይጠቀም ነበር። ስምምነቱ የቃል ነበር። የአዳራሹ ኃላፊ ደግ ሰው ነበሩ። ከዚያ ጡረታ ወጡ። አዲሱ ኃላፊ ፋይል ከፈተ፤ ምንም የለም። ክፉ ሰው አልነበረም። "ምን ይዛችኋል?" ነው ያለን። የያዝነው ነገር አልነበረም። የገና ዝግጅታችን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዳራሽ ፍለጋ ገባን። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። እድሮቻችን እንኳ መተዳደሪያ ደንብ ይጽፋሉ። ማን ድንኳን ይተክላል፣ ያልመጣ ስንት ይቀጣል፣ ሁሉም ተጽፏል። ለቀብር ያሰብነውን ለሌላውም ብናስብ ምን አለበት?

የመንገዶቹ ድርጅቶችም እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ አይተዋል፤ ያውም በአገር ደረጃ። በ2012 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ ለእነዚህ መንገዶች ብቻ የተመደበውን ገንዘብ አስቀረ። አዲስ መንገድ መሰየምም ለዓመታት ቆመ። ነገሩ እንደገና የተከፈተው ኮንግረስ በ2019 ሌላ ሕግ ካወጣ በኋላ ነው። በ2021 መጀመሪያ 49 አዳዲስ ስያሜዎች ተሰጡ፤ ጠቅላላው 184 ደረሰ። በመካከል ያለፉትን ዓመታት አስቡ። ዋናው የገንዘብ ምንጭ ደርቋል፤ ስብሰባው፣ ሰሌዳው፣ ካርታው ግን ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ድርጅትን የሚያቆየው ከከተማው፣ ከካውንቲው፣ ከደን አገልግሎቱ ጋር ያለው ውል ነው ብዬ አምናለሁ። ኮንግረስ የተወውን ሥራ ከተማው "ይህ የኔ ድርሻ ነው፣ ፈርሜበታለሁ" ብሎ ሊቀጥለው ይችላል።

ወረቀት ብቻውን የማይችለውም አለ። ቢልቦርድን ውሰዱ። አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር የማስታወቂያ ኩባንያን በመግባቢያ ሰነድ ማስቆም አይችልም። እዚያ ላይ የሚሠራው ሕግ ነው። ስቴቱ ሲኒክ ባይዌይ ብሎ በሰየመው ዋና ሀይዌይ ዳር አዲስ ቢልቦርድ መትከልን የፌደራሉ ሕግ ይከለክላል፤ ስቴቱ አንዳንድ የንግድ ሠፈሮችን ከስያሜው ነጥሎ ማውጣት ቢችልም። ሕግ ባለበት ቦታ ስምምነቱ ሕጉን ይጠቅሳል፣ ማን እንደሚከታተልም ይጽፋል። ሕግ በሌለበት ግን መግባባት ብቻ ነው ያለው።

መግባባት ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ከሐይቁ ራቅ ብሎ ወደ ሀይዌይ 38 መሄድ ይቻላል። ከግራንድ ራፒድስ ወደ ኤፊ የሚወስደው 47 ማይል መንገድ ነው፤ ኤጅ ኦፍ ዘ ዊልደርነስ ይባላል። ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ እንጨት የጫኑ ከባድ መኪኖች ያልፉበታል። መታደስ ነበረበት። የተለመደው አሠራር ቢሆን ኖሮ መሐንዲሱ ያቀናዋል፣ ያሰፋዋል፣ ግራ ቀኙን ዛፍ ይመነጥራል። የአካባቢው ሰው ግን የሚወደው መጠምዘዙንና ዛፎቹን ነው። ነዋሪው፣ ስቴቱና የደን አገልግሎቱ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ደህንነቱ እንዲሻሻል፣ መልኩ ግን እንዲቆይ ተደርጎ ተነደፈ። አስቀድሞ የተደራጀ አካል ባይኖር ኖሮ መሐንዲሱ ከማን ጋር ይነጋገር ነበር?

ይህን ስጽፍ ሊማሊሞ ከሐሳቤ አይወጣም። ከደባርቅ ወደ ታች የሚጠመዘዘውን ያን መንገድ ያየ አይረሳውም። እዚያም መንገዱ የመንገዶች አስተዳደር ነው፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ማሳው የገበሬው ነው፤ እንግዳ የሚያርፍበት ከተማ ደግሞ ሌላ አስተዳደር አለው። አንድ ቀን እነዚህ ባለቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው "እይታውን ማን ይጠብቃል?" ብለው ሲፈራረሙ ማየት እመኛለሁ።

አሁን ወደ ጎዝቤሪ ልመለስ፤ ጥያቄው አልተመለሰም። በ1996 የተከፈተው የጎብኚዎች ሕንፃ የፓርኩ ብቻ አይደለም። የሀይዌይ ማረፊያም ጭምር ነው። የተፈጥሮ ሀብትና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶቹ ተስማምተው አንድ ላይ ሠሩት። ማረፊያ ማለት ደግሞ ማንኛውም መንገደኛ በነፃ የሚቆምበት ነው። የፓርክ ፈቃድ ያልተጠየቅነው ለዚያ ነው። ስፕሊት ሮክ ላይ ግን በማማው ዙሪያ ያለው ፓርክ የአንዱ፣ ማማው የሌላው ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ያስከፍላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመንገዱ ጫፍ ነው። ድንበሩ ላይ ግራንድ ፖርቴጅ ስቴት ፓርክ አለ። ፒጅን የሚባለው ወንዝ ከ120 ጫማ ከፍታ ይወድቃል። መሬቱ የስቴቱ አይደለም። የኦጂብዌ ሕዝብ ነው፤ ስቴቱ በኪራይ ስምምነት ነው የሚጠቀምበት። ፓርኩን ስቴቱና የግራንድ ፖርቴጅ ኦጂብዌ ሕዝብ አብረው ያስተዳድሩታል። ከዚያው ጥቂት ማይል ርቆ ግራንድ ፖርቴጅ ብሔራዊ ሐውልት የሚባል ታሪካዊ ቦታ አለ፤ ድሮ ፀጉራም የእንስሳት ቆዳ የሚነግዱ ሰዎች ጀልባና ሸቀጥ ተሸክመው የሚያልፉበት ቦታ ነው። ይህን ቦታ ለፌደራል መንግሥት የሰጠው ራሱ የኦጂብዌ ሕዝብ ነው። ከ1999 ጀምሮ ደግሞ የቦታው የጥገና ሥራ ከብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ጋር በተደረገ ስምምነት ወደዚሁ ሕዝብ እጅ ተመልሷል።

በስቴት ፓርኩ በር ላይ ያለው የእንግዳ መቀበያ ሕንፃም የሦስት ወገን ነው። ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ለመንገደኛው ማረፊያ ፈለገ፣ ተፈጥሮ ሀብት ለፓርኩ ቢሮ፣ የኦጂብዌ ሕዝብ ደግሞ ታሪኩን በራሱ አንደበት የሚናገርበት ቦታ። አንድ ጣሪያ ሠሩ። ከካናዳ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ከሕንፃው ጀርባ ይጀምራል፤ ግማሽ ማይል ያህል በእግር ያስኬዳል።